የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ሳምንታት፦ የዓለም ጤና ድርጅት የቅድመ ወሊድ መመሪያ ከነገሌ ቦረና ሲነበብ

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ያወጣው የቅድመ ወሊድ ክብካቤ መመሪያ በእናቶች ጤና አገልግሎት ላይ ከፍ ያለ ተጽዕኖ ካሳደሩ ሰነዶች አንዱ ነው። መመሪያው 49 ምክረ ሐሳቦችን ይዟል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን የአራት ጊዜ ክትትል ወደ ስምንት ግንኙነት ያሳደገ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግንኙነት እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ብሔራዊ የቅድመ ወሊድ ክብካቤ መመሪያ ይህንኑ የስምንት ግንኙነት ሥርዓት ተቀብሏል። በመሆኑም አንዲት አዋላጅ ነርስ ለነፍሰ ጡር እናት የምትሰጠው ምክር በአብዛኛው ከዚህ ሰነድ የሚቀዳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መመሪያውን በሙሉ መገምገም አይደለም። ትኩረቱ በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም መመሪያው አንዲት ሴት በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራት ምን መጠበቅ እንዳለባት የሚነግራት እንዴት ነው? የሚለው ነው። ጥያቄውን የምናነሣው ከነገሌ ቦረና ሆነን ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ከፊሉ በከብትና በግመል እርባታ የሚተዳደር፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ወረፋ የሚሰሙባት ከተማ ናት። መመሪያ ጥንካሬውም ሆነ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ከተጻፈበት ጠረጴዛ ርቆ ሲነበብ ነው።

የጽሑፉ መከራከሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። መመሪያው በእርግዝና መጀመሪያ የሚጠበቁትን ምልክቶችና ማስታገሻቸውን ይናገራል። መጠበቅ የሚያበቃበትን ወሰን ግን በዚያው ስፍራ አያመለክትም። ጤና ተቋም በቅርብ ላላት ሴት ይህ ጉድለት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ ለሚጠብቃት ሴት ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሊመሰገን የሚገባው

ከነቀፋ በፊት የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። መመሪያው የነፍሰ ጡሯን ተሞክሮ ከሕክምናው ውጤት እኩል ቁም ነገር አድርጎ ይመለከታል። ማቅለሽለሽን፣ ቃርን፣ የሆድ ድርቀትን፣ የወገብ ሕመምንና የእግር ቁርጥማትን «ይለመዳል» ብሎ አላለፋቸውም፤ ለእያንዳንዳቸው ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። በጤና ጣቢያዎቻችን «እርግዝና በሽታ አይደለም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የእናቲቱን ቅሬታ ለመዝጋት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ይህ አቀራረብ ትልቅ እርምጃ ነው።

ሁለተኛው መልካም ነገር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር የክትትል መዝገቧን ራሷ እንድትይዝ መመከሩ ነው። ለአርብቶ አደር ሴት ከዚህ የሚሻል ምክረ ሐሳብ አይገኝም። በዝናብ ወቅት በአንዱ ወረዳ፣ በደረቅ ወቅት በሌላው የምትኖር እናት ካርዷ በአንድ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ተቆልፎ ቢቀር፣ በሚቀጥለው ተቋም እንደ አዲስ ትጀምራለች። የደም ዓይነቷና የሄሞግሎቢን ውጤቷ ተመዝግበው በእጇ ቢገኙ ግን መንገዱ ክትትሏን አያቋርጠውም።

«ቀኑ ስንት ነበር?»

የመመሪያው የጊዜ ሰሌዳ በሙሉ የተመሠረተው የእርግዝናው ዕድሜ ይታወቃል በሚል ግምት ላይ ነው። 12ኛው ሳምንት መቼ እንደሆነ ለማወቅ የመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን መታወቅ አለበት። መመሪያው ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግም ይመክራል። መሣሪያውና የሠለጠነ ባለሙያ ባሉበት ሆስፒታል ምክሩ ተገቢ ነው። ከሆስፒታሉ ርቃ ባለች ጤና ጣቢያ ግን የምትቀረው መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ናት።

ጥያቄዋም ቢሆን በአግባቡ መቅረብ ይኖርባታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 280 ቀን ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ነው። ጳጉሜን በመካከል ካለፈች አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ይቀነሳል። የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 10 የጀመረ ሴት ሰኔ 20 ትወልዳለች ተብሎ ይገመታል፤ ታኅሣሥ 10 የጀመረ ከሆነ ግን ግምቱ መስከረም 15 ይሆናል። ይህን ስሌት ባለሙያው ያውቀዋል። ችግሩ የሚነሣው «መስከረም 10» የሚለው መልስ ሳይገኝ ሲቀር ነው።

መልስ የሌለ ይመስለናል እንጂ አለ። የቦረና ኦሮሞ የራሱ የጨረቃ አቆጣጠር ያለው ሕዝብ ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተባለው መጽሐፋቸው እንዳብራሩት፣ አቆጣጠሩ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራትና ሃያ ሰባት የቀን ስሞች አሉት። በጨረቃ ለምትቆጥር ሴት 280 ቀን ዘጠኝ ጨረቃ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ «ቀኑ ስንት ነበር?» ከማለት ይልቅ «ከዚያ ወዲህ ስንት ጨረቃ ወጣች?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። «ቀኑን አታውቅም» ብለን ካርዱ ላይ የምንጽፈው ብዙ ጊዜ የእርሷን ሳይሆን የጠያቂውን አለማወቅ ነው።

በወቅት ስም መጠየቅም ይቻላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። በቦረና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው የዝናብ ወቅት በኦሮምኛ የሚጠራበት ስም «ገና» ከተባለው የአማርኛ ቃል ጋር በጆሮ በጣም ይቀራረባል። አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ የልደትን በዓል ሊረዳ ይችላል። ከመሀል ወይም ከምዕራብ ኦሮሚያ የመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ደግሞ ያንኑ ቃል የሚያውቀው ለሰኔና ለሐምሌ ክረምት ነው። በአንድ ቃል ምክንያት እርግዝናው በወራት ሊሳሳት ይችላል። ቋንቋዋን መናገር የአካባቢዋን ወቅት ማወቅ ማለት አለመሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ዝንጅብል፣ ካሞሚል፣ አኩፓንክቸር

በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚከሰተው ማቅለሽለሽ መመሪያው ዝንጅብልን፣ ካሞሚልን፣ ቫይታሚን ቢ6ን እና አኩፓንክቸርን እንደ ሴቲቱ ምርጫና እንደ አቅርቦቱ ይመክራል። ምክሩ ከተመሠረተባቸው መረጃዎች ዋነኛው 41 ጥናቶችንና 5,449 ሴቶችን ያካተተ ግምገማ ሲሆን፣ የመረጃው አስተማማኝነት ባብዛኛው ዝቅተኛ መሆኑን ሰነዱ ራሱ አይደብቅም።

ከአራቱ ውስጥ በነገሌ ገበያ ያለ ጥርጥር የሚገኘው ዝንጅብል ነው። አኩፓንክቸር ለአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎቻችን ከስም ያለፈ ትርጉም የለውም። ቫይታሚን ቢ6ን በተመለከተ ደግሞ አንባቢን የሚያደናግር ነገር አለ። በሥነ ምግብ ክፍሉ ቢ6 የእናትንና የሕፃንን ውጤት ለማሻሻል ተብሎ እንዳይሰጥ ይላል፤ በማቅለሽለሽ ክፍሉ ግን እንዲሰጥ ይመክራል። ሁለቱ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው ለመከላከል፣ ሁለተኛው ለማስታገስ ነው። ሆኖም የማጠቃለያ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ባለሙያ አንዱን ይዞ ሌላውን ሊጥል ይችላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ስለ መድኃኒት የተሰጠው ማሳሰቢያ ነው። እንደ ዶክሲላሚንና ሜቶክሎፕራማይድ ያሉት መድኃኒቶች በሌላ ዘዴ ያልቀለላቸው፣ በጣም የተቸገሩ እናቶች በሐኪም ክትትል እንዲወስዱ ይላል። በአዋላጅ ነርስና በጤና መኮንን በሚመራ ጤና ጣቢያ «በሐኪም ክትትል» ማለት ሪፈር ማለት ነው። ሪፈሩ ደግሞ ለተዳከመች ሴት በአቧራማ መንገድ የሚደረግ ጉዞ ነው። ውጤቱ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ «ፕላሲል» ያለ ምንም መመሪያ ይሰጣል፣ ወይ እናቲቱ «ያልፋል» ተብላ ትመለሳለች።

«ያልፋል» የሚለውም ቃል ከሰነዱ የራቀ አይደለም። መመሪያው ማቅለሽለሽና ማስታወክ ብዙውን ጊዜ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ እንደሚተው ለሴቶች እንዲነገር ያሳስባል። አባባሉ እውነት ነው፤ ብዙዎች ከ16 እስከ 20 ባለው ሳምንት ይሻላቸዋል። ነገር ግን ቃሉ ያለ ወሰን ሲነገር አደጋ አለው። ከመጠን ያለፈ ትውከት የያዛት፣ ከሰውነት ክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ ያጣች፣ በሽንቷ ኪቶን የታየባት ሴት አራት ወር መታገሥ የለባትም። ፈሳሽ በደም ሥር ሊሰጣት ይገባል፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊትም ታያሚን መቅደም አለበት። ለረጅም ጊዜ ላስታወከች ሴት ያለ ታያሚን የሚሰጥ ግሉኮስ ለቨርኒኬ የአንጎል ጉዳት ሊያጋልጣት ይችላል።

በተተረጎሙ በራሪ ጽሑፎች ላይ «የጠዋት ሕመም» የሚለው ስያሜም ሊታረም ይገባዋል። ማቅለሽለሹ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል። ስሙን አምና ማታ የሚያማት ሴት ሌላ በሽታ የያዛት ሊመስላት፣ በወባ ትኩሳት ጠዋት የምታስታውክ ሴት ደግሞ እርግዝና ነው ብላ ልትተወው ትችላለች። «ማቅለሽለሽ» የሚለው የራሳችን ቃል በቂ ነው።

ያልተጻፉት ምልክቶች

ለነገሌ እናት ዋና ጉዳይ የሆኑ፣ በሰነዱ የምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ግን ያልተካተቱ ነገሮች አሉ። የምራቅ መብዛት አንዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ምራቋን የምትተፋ ሴት ከሰው ፊት ትሸሻለች፤ ውኃ መጠጣትም ይቀንስባታል። አፈር መብላት ሌላው ነው። «አምሮት ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ልማድ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ስለሚገኝ፣ ባለሙያው ሳያሳፍር ሊጠይቅ፣ የዓይኗን ሽፋን ገልጦ ሊያይና ሄሞግሎቢኗን ሊለካ ይገባል። ሽታም እንዲሁ ነው። በአካባቢው የወተት ዕቃ በእንጨት ጢስ ይታጠናል። ከልጅነቷ የለመደችው የታጠነ ወተት በእነዚህ ወራት ቢያስጠላት የምግቧ ምሰሶ ተነካ ማለት ነው።

ስለ ወተት ከተነሣ፣ ከ49ኙ ምክረ ሐሳቦች ውስጥ ያልፈላ ወተትን የሚመለከት አንድም የለም። ብሩሴሎሲስ በቦረና ከብቶችና በሰዎችም ላይ የታወቀ በሽታ ነው፤ ለፅንስ መጨናገፍም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወተቱን አፍልታ እንድትጠጣ መምከር በዚህ አገር ከካሞሚል ይቀድማል። የእንስሳ ማስወረጃና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ እንዳትነካ መንገርም እንደዚሁ ነው። መመሪያው ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች ሁሉም ነፍሰ ጡር እንድትጠየቅ ይላል። በደቡብ ቆላ ከተሞች ይህ ጥያቄ ጫትን በስሙ ካልጠራ መልሱ ሁልጊዜ «አልወስድም» ነው።

አመጋገብን በተመለከተ «ጥቂት ጥቂት እየቆራረሱ መብላት» የሚለው ምክር መልካም ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በቦረና በተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ዝናብ ቀርቶ ከብቱ ሲያልቅ፣ ምክሩ የሚቆራረስ ነገር ለሌላት ሴት ነበር የሚነገረው። እንዲህ ባለ ጊዜ ምክሩ ከተጨማሪ ምግብ እርዳታ ጋር ካልተያያዘ ከስድብ አይለይም።

ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ለምን ዘገየ?

ከሁሉ የሚበልጠው ትችት እዚህ ላይ ነው። እስከ 12ኛው ሳምንት የሚለው ወሰን «ማልዶ መምጣት» ተደርጎ ይቆጠራል። በአገር አቀፍ ደረጃ ስናየው በእርግጥም ማልዶ ነው። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ሴቶች 20 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 28 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው ዓመት በሠለጠነ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል ያገኙት ሴቶች በአገር አቀፍ 74 በመቶ ሲሆኑ፣ ለነገሌ በሚጎራበተው የሶማሌ ክልል 30 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የእርግዝና መጀመሪያ ዋና ዋና ጉዳዮች የሚወሰኑት ከ12ኛው ሳምንት አስቀድሞ ነው። የፅንሱ የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው ከመጨረሻው የወር አበባ በተቆጠረ 6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በ12ኛው ሳምንት የሚጀመር ፎሊክ አሲድ ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ የነርቭ ዘንግ ክፍተትን ለመከላከል ግን ጊዜው አልፏል። መመሪያው ራሱ ፎሊክ አሲድ ቢቻል ከመፀነስ በፊት እንዲጀመር ያሳስባል፤ ሰሌዳው ግን ያንን ጊዜ አይነካውም። ከማሕፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝናም ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱን ይገልጣል። ቱቦው የፈነዳባት ሴት የመጀመሪያ ቀጠሮዋን አትጠብቅም። የፅንስ መጨናገፍም ቢሆን፣ ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ላይ የሚደርስ ሲሆን አብዛኛው ከ12ኛው ሳምንት በፊት ያልቃል።

ስለዚህ «በእርግዝና መጀመሪያ ምን ይጠበቃል» የሚለው ትምህርት ለነፍሰ ጡር ብቻ ከተሰጠ አድራሻውን ይስታል። መሰጠት ያለበት ገና ላልፀነሰች ሴት ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልታስከትብ ስትመጣ፣ የቤተሰብ ዕቅድ ዘዴዋን ልታቋርጥ ስትመጣ፣ በገበያ ቀንና ውኃ በሚቀዳበት ስፍራ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ለማድረግ የሚያስችል መዋቅር ነው። የጎደለው መልእክቱ ነው።

የመጠበቅ ወሰን

መመሪያው የተዘጋጀው ለጤናማ እርግዝና መሆኑንና የተወሳሰቡ ችግሮች በሌሎች ሰነዶች እንደሚታዩ ይገልጻል። ይህ ለጸሐፊዎቹ በቂ ምላሽ ነው። በጤና ጣቢያ ውስጥ ግን አንዲት ሴት ጤናማ መሆኗና አለመሆኗ ተለይቶ አይመጣም፤ የሚለየው በዚያው ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ የሚጠበቁት ምልክቶች በተነገሩ ቁጥር ወሰናቸውም አብሮ እንዲነገር የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. በቤት ሊታገሡት የሚቻል፦ ምግብና ውኃ አልፎ አልፎ የሚረጋበት ማቅለሽለሽ፣ የጡት መወጠር፣ ድካም፣ የምራቅ መብዛት፣ ሳያቃጥል ቶሎ ቶሎ መሽናት።

ለ. በጥቂት ቀናት ውስጥ መታየት ያለበት፦ ክብደት የሚያስቀንስ ትውከት፣ የሚያቃጥል ሽንት፣ የገረጣ ዓይንና መዳፍ፣ ሕመም የሌለው ጥቂት የደም ጠብታ።

ሐ. ሳይውሉ ሳያድሩ መምጣት፦ ብዙ ደም መፍሰስ፣ በሆድ ታችኛው ክፍል በአንድ ወገን የሚሰማ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት ፈሳሽ አለመርጋት።

ስለ ትኩሳት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ትኩሳት የእርግዝና ምልክት ሆኖ አያውቅም። በቆላው አካባቢ ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር የወባ ምርመራ ሳይደረግላት መመለስ የለባትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 አርቴሜተር-ሉመፋንትሪን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለሚያጋጥም ያልተወሳሰበ የፋልሲፓረም ወባ እንዲሰጥ መክሯል። ስለዚህ «ሦስት ወር ስላልሞላት መድኃኒት የላትም» የሚለው አስተሳሰብ መቅረት ይኖርበታል።

ይህ ዝርዝር በየትም ቦታ ሊሠራ ይችላል። ለነገሌ የሚጨመረው ግን ርቀት ነው። ከሆስፒታሉ በግማሽ ሰዓት ርቀት የምትኖር ሴት ጥቂት የደም ጠብታ ብታይ እስከ ነገ ልትጠብቅ ትችላለች። መኪና ለማግኘት አንድ ቀን፣ ለመድረስ ሌላ ቀን የሚፈጅባት ሴት ግን ያንኑ ምልክት ስታይ ጉዞ መጀመር አለባት። በሌላ አነጋገር ለሩቋ ሴት በ«ለ» የተመደበው ሁሉ ወደ «ሐ» ይዛወራል። ባለሙያው ምክሩን ከመስጠቱ በፊት «ከዚህ ቤትሽ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማንስ ያመጣሻል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ ምክሩን ይለውጠዋል። የሚያመጣት ሰው ባሏ ወይም አማቷ ከሆኑ፣ የ«ሐ» ዝርዝር ለእነርሱም መነገር አለበት። ጉዞውን የሚወስነው ሰው ካልሰማው መልእክቱ ደረሰ አይባልም።

በሌላ በኩል፣ ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት ፅንሱ በራሱ ይጨናገፍ ወይስ ሌላ ምክንያት ይኑር ተብላ በምርመራ ጥያቄ መዋከብ የለባትም። ተቀዳሚው ሕይወቷን ማትረፍ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ የተወቀሰች ሴት ለሁለተኛ ጊዜ አትመጣም፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለእናቶች ክብር የሰጠ፣ በጥናት የተደገፈ ሰነድ ነው። ጉድለቱ አንባቢው እርግዝናዋን የምታውቅ፣ ቀኗን የምትቆጥርና ተቋሙ በቅርቧ የሆነ ሴት እንደሆነች አድርጎ መገመቱ ነው። ሰነዱን ወደ ነገሌ፣ ወደ ሞያሌና ወደ ያቤሎ የምናደርሰው እኛ የጤና ባለሙያዎች ነን። ቃል በቃል ከተረጎምነው ካሞሚልን እናስተምራለን፤ አገሩን አውቀን ከተረጎምነው ግን ዝንጅብሉን፣ የፈላውን ወተት፣ የጨረቃውን ቁጥርና የመንገዱን ርዝመት እናስተምራለን።

«እህቴ፣ ይህ የእርግዝና ነው፤ ያልፋል» የሚለው አባባል እውነትም ደግነትም አለው። ሙሉ የሚሆነው ግን «ይህን ካየሽ ደግሞ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ተነሺ» የሚለው ሲጨመርበት ነው።